ቀይ ጨርቅ ላይ የሚሰለፍ ጦር

ጥር 23 ሲደርስ የአዊ ምድር ፈረሱን አስጊጦ ይወጣል። ከአንከሻ፣ ከባንጃ፣ ከዚገም፣ ከኳኩራ የተነሣው ፈረሰኛ ወደ እንጅባራ ይተማል። የግምጃ ቤትና የአካባቢዋ ባላገርም ኮርቻውን ጭኖ ይቀላቀላል። ዕለቱ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም፣ ጣሊያን ገና ከአገር ሳይወጣ ሲሆን፣ ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ አባላት አሉት። የሚዘክረውም በአድዋ ጦርነት የተሳተፉትን ፈረሶች ውለታ ነው። የቀኑ ድምቀት ጉግስ ነው። አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ይከተላል፤ ዘንግ ይወረወራል፣ ጋሻ ይመክታል። ቆይቶ ተራው ይለወጥና ሲያሳድድ የነበረው ይሳደዳል።

ጦርነትን በሰላም ቀን በጨዋታ የመድገም ልማድ በብዙ አገር አለ። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ሜዳ ሳይሆን ጠረጴዛ የመረጡ ብዙ ናቸው። ከእርሳስ ወይም ከፕላስቲክ የተሠሩ ጥቃቅን ወታደሮችን ያሰልፋሉ፣ ርቀት በመለኪያ ይለካሉ፣ ዕድልን በዳይ ይሞክራሉ። ሥሩ የፕሩሲያ ጦር መኮንኖቹን ካሠለጠነበት፣ ራይስቪትስ እ.ኤ.አ. በ1824 ካሳተመው የጦር ጨዋታ ይመዘዛል። ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስም በ1913 ለዚሁ ጨዋታ የሚሆን የደንብ መጽሐፍ ጽፏል። በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ፊሊፕ ሳቢን ደግሞ በ2007 ባወጡት መጽሐፍ የጥንት ውጊያዎችን በጨዋታ መልሶ መዋጋት ታሪክን ለመመርመር እንደሚረዳ ተከራክረዋል። በእነዚህ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ተደጋግመው ከሚነሡት መካከል ደግሞ ሮምና ካርቴጅ የተዋደቁባቸው ጦርነቶች አሉ።

ለፈረሰኛ አገር ሰው የካኔና የዛማ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ216 የካርቴጁ ጄኔራል ሐኒባል ካኔ ላይ ከሮም ጦር ጋር ሲገጥም፣ በጥንቱ የታሪክ ጸሐፊ በፖሊቢዮስ አቆጣጠር ሮማውያኑ 80 ሺህ እግረኛና 6 ሺህ ፈረሰኛ ነበራቸው፤ እርሱ ደግሞ 40 ሺህ እግረኛና 10 ሺህ ፈረሰኛ። በእግረኛ እጥፍ ተበልጦ በፈረስ በለጠ። መሐሉን ሆን ብሎ ወደፊት አስወጣው፤ ሮማውያኑም ያንን ሲገፉ ወደ ውስጥ ገቡለት። በሐኒባል ሰልፍ ግራ የነበረው የሐስድሩባል ፈረሰኛ የሮምን ፈረሰኛ ሰብሮ፣ ከጀርባ ዞሮ አጋሮቹን ኑሚድያውያን ፈረሰኞች ረዳና በመጨረሻ የእግረኛውን ጀርባ መታ። የሞተውን ፖሊቢዮስ 70 ሺህ ያደርሰዋል፤ ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ሊቪዮስ ወደ 48 ሺህ ዝቅ ያደርገዋል። ሊቪዮስ ከፖሊቢዮስ ዘግይቶ ቢጽፍም የእርሱ ቁጥር ለእውነት የሚቀርብ ይመስለኛል። ከ14 ዓመት በኋላ በ202 ዛማ ላይ፣ ቀደም ብሎ ወደ ሮም ወገን የዞረው የኑሚድያው ማሲኒሳ ፈረሱን ይዞ ሲሰለፍ ድሉም አብሮት ዞረ። የሐኒባልን 80 ዝሆኖችም የሮሙ አዛዥ ሲፒዮ በሰልፉ መካከል መተላለፊያ ከፍቶ አሳለፋቸው።

የጠረጴዛው ተዋጊዎች አንድ ትልቅ ችግር አለባቸው። የሮምን ጦር የያዘው ተጫዋች ታሪኩን አንብቧልና መሐሉን ወደ ወጥመዱ አይነዳም። ሌላው ችግር ተራ መጠበቅ ነው። በእውነተኛ ጦር ሜዳ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። ይህን ለማስተካከል ደንብ አውጪዎች ብዙ ደክመዋል፤ ሁለቱም ወገኖች ትእዛዛቸውን በወረቀት ጽፈው በአንድ ጊዜ እንዲገልጡ የሚያደርጉ ደንቦችም አሉ። ይህ ጽሑፍ ወደ እኛው አገር የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ያንን የተራ ችግር የፈታ የጦር ጨዋታ የእኛ አባቶችና እናቶች ነበራቸው። ሰንጠረዥ ይባላል።

የሰንጠረዥ ዘር እንደ ሌላው ዓለም ቼዝ ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዓረብ በኩል የመጣ ነው። ሌላው ዓለም የጥንቱን ደንብ ሲለውጥ ኢትዮጵያ ግን ጠብቃ አቆየችው። ገበታው ብዙ ጊዜ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር የተከፋፈለ ቀይ ጨርቅ ነው፤ 64 ቤት አለው፣ ነጭና ጥቁር ተብሎ አይለይም። በየወገኑ 16 ጠጠር ይሰለፋል፦ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ሁለት ደር፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ፊልና ስምንት መደቅ። ፈርዝ የዛሬዋ የቼዝ ንግሥት ያላት ጉልበት የለውም፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል።

ፊል ማለት ዝሆን ነው። በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፤ በመካከል ያለውን ጠጠር ከቁም ነገር አይቆጥርም። ነገር ግን አንድ ፊል ዕድሜውን ሙሉ ሊረግጣቸው የሚችሉት ቤቶች ከ64ቱ ስምንቱ ብቻ ናቸው። በገበታው ላይ ያሉት አራት ፊሎችም የየራሳቸው ስምንት ቤት ስላላቸው ፊል ፊልን ፈጽሞ አያገኘውም። እንግዲህ እነዚያን ስምንት ቤቶች የሚያውቅ ተጫዋች ጠጠሮቹን ከዚያ ያርቃል፤ ዝሆኑም በባዶ ይዘላል። ሲፒዮ ዛማ ላይ ያደረገው ከዚህ አይለይም። ዝሆን አስፈሪ ቢሆንም መንገዱ የታወቀ መሆኑን ተረድቶ መንገዱን ለቀቀለት። ይህን ፈረንጆቹ በሴንቲሜትር ለክተውና ዳይ ወርውረው ያሳዩታል፤ ሰንጠረዥ በአንድ የአረማመድ ደንብ ጨርሶታል።

ከሁሉ የሚልቀው ግን የመክፈቻው ክፍል፣ ወረራ የሚባለው ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች ጨርቁን በመካከል አድርገው ይቀመጡና እጃቸውን በአንድ ጊዜ ይዘረጋሉ። ተራ የለም። አንዱ መደቁን ሦስት ጊዜ ሲገፋ ሌላው ፈረሱን አውጥቶ፣ ደሩን አዙሮ፣ መልሶ ሐሳቡን ለውጦ ሊሆን ይችላል። ዓይን ከራስ ጠጠር ይልቅ በባላጋራ እጅ ላይ ይተከላል። ፈረሱ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ካየህ ግራህን ትተህ ቀኝህን ታጠብቃለህ፤ እርሱም ማጥበቅህን አይቶ ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚቆመው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በተራ ይሄዳል። ስለዚህ የወረራ ትልቁ ጥያቄ መቼ ልንካ የሚለው ነው። ሰልፉ የተሟላለት ቶሎ መግጠም ይፈልጋል፤ ያልተሟላለት ይሸሻል፣ ያዘገያል። በ1888 ዓ.ም የካቲት አድዋ ላይ የነበረው ፈተና ይኸው ነበር። የምኒልክም የጣሊያኑ ጄኔራል የባራቲየሪም ጦር ስንቁ እየሳሳ፣ አንዱ ሌላውን ይጠብቅ ነበር። ከሮም የመጣው የጠቅላይ ሚኒስትሩ የክሪስፒ ግፊት ሲበረታ ቀድሞ የተነቃነቀው ባራቲየሪ ሆነ፤ ሌሊት ተጉዞ ሲነጋ ጦሩ ተበታትኖ ተገኘ።

ታዲያ ይህን ጨዋታ ያዩ የውጭ አገር ሰዎች ምን አሉ? ከሁሉ የሚጠቀሰው የእንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ምስክርነት ነው። ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 እንደርታ፣ አንጣሎ ድረስ ሄዶ የትግራዩን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጎበኝ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አገኛቸው። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ሻካራ ነበሩ። የባላጋራን ጠጠር ሲበሉ በኃይል መትተው ከቦታው ያስወግዱታል። ጨዋታው ጫጫታ የበዛበት ነው፤ በዙሪያው የተቀመጠ ሁሉ፣ አሽከር ሳይቀር፣ ሐሳብ ይሰጣል፣ ጠጠር አንሥቶም ይህን አድርግ ብሎ ያሳያል። በመጨረሻም ሶልት አንድ ፍርድ ይጨምራል፦ ባለሟሎቹ በብልሃት ሁልጊዜ ራስ እንዲያሸንፉ ያደርጉ ነበር ይላል።

ይህ ፍርድ ከዚያ ወዲህ በጨዋታው ላይ በሚጻፈው ሁሉ ሲደገም ኖሯል። አሽከር ጌታውን ደስ ለማሰኘት መሞከሩ አይካድም። ሆኖም ሶልት ራሱ የጻፈው ዝርዝር ፍርዱን ያዳክምበታል። አሽከሩ ሳይቀር ጠጠር አንሥቶ የተሻለውን መንገድ በይፋ በሚያሳይበት ሸንጎ ውስጥ አውቆ መሸነፍ ቀላል አይደለም። ጥሩው እርምጃ ተነግሯል፣ ሁሉም አይቶታል፤ ያንን ትቶ ክፉውን የሚመርጥ ባላጋራ በሁሉ ፊት ይጋለጣል። ሶልት እንግዳ ነው፤ ባላጋራዎቹ እርስ በርስ የተነጋገሩትን አልሰማም፣ ያየው ራስ ማሸነፋቸውን ነው። የለመደውም ሁለት ሰዎች ዝም ብለው፣ ተራ ጠብቀው የሚጫወቱትን ቼዝ ነበር። በዚያ ዓይን ሲታይ ሁካታው ሥርዓት ማጣት፣ ድሉም ስጦታ ቢመስለው አያስደንቅም።

ራስ ወልደ ሥላሴ ደግሞ በዘመነ መሳፍንት፣ መኳንንቱ ሁሉ እርስ በርሱ በሚፋለምበት ጊዜ፣ ትግራይን ለሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ ይዘው በ1816 እ.ኤ.አ. የሞቱ ሰው ናቸው። መቼ መግጠም፣ መቼ ማዘግየት እንደሚገባ ሳያውቅ በዚያ ዘመን ይህን ያህል የቆየ የለም። ሰንጠረዥ የሚፈትነው ይህንኑ ዕውቀት ነውና፣ ራስ ያሸነፉት ስለሚችሉ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህም ጋር የአሸናፊነት ክብር በደንቡ የተመዘነ ነበር። ንጉሡን በብርቱዎቹ ጠጠሮች፣ በደር ወይም በፈረስ መግደል እምብዛም አያስመሰግንም፤ በደካሞቹ ጠጠሮች የገደለ ነው የሚሞገሰው። ተራ ማሸነፍ የማያስከብርበት ጨዋታ ውስጥ አንድን ጌታ በማታለል ዘወትር ማስደሰት ይከብዳል።

ከራስ ወልደ ሥላሴ በፊትም በኋላም ጨዋታው በቤተ መንግሥት ይታወቅ ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒሱ ሠዓሊ ከቢቺኒ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። እቴጌ ጣይቱም በገና ከመደርደራቸው ጋር በሰንጠረዥ ይታወቁ ነበር። የቼዝ ታሪክ ጸሐፊው ሙሬይ በ1913 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የተጓዦቹን ቃል አሰባስቧል፤ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ታሪኩንና ደንቡን ለብቻ ጽፈውበታል። እንደ ፓንክረስት ከሆነ ጨዋታው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ጠፍቷል።

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተወለደው ሰንጠረዥ በጠፋበት በዚያው የጭንቅ ዘመን ነው። ጉግስ ማኅበር ስላገኘ ተረፈ፤ ሰንጠረዥ ጠባቂ አጣ። መልሶ ለማምጣት የሚያስፈልገው ቀይ ጨርቅና 32 እንጨት ነው፤ ደንቡም ተጽፎ ተቀምጧል። የግምጃ ቤት መምህራን በክበብ ቢያስጀምሩት፣ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ደንቡን በአማርኛና በአውኚ አዘጋጅቶ ቢያሳትመው፣ ማኅበሩም በመጪው ጥር 23 ከጉግሱ ሜዳ አጠገብ ለሰንጠረዥ የሚሆን አንድ ድንኳን ቢተክል፣ ፈረሰኛው ከኮርቻው ወርዶ በወረራ መፋለም ይችላል። ማኅበሩ ይህን በዘንድሮው ዕቅዱ እንዲያስገባው እንጠይቃለን።