እንዶድም መርዝ ነበር

ስለ ቤት ማጽጃ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ አባባል መስማታችን አይቀርም፤ አያቶቻችን ያለ ምንም ኬሚካል አጥበውና አጽድተው ኖሩ፣ በኦሞና በበረኪና የተመረዝነው እኛ ነን ይባላል። ከዚህ ተነስቶ «ወደ ተፈጥሮ እንመለስ» የሚለው ሰው ዛሬ ጥቂት አይደለም። አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥም ሆነ የዋሽንግተን ዲሲ ሐበሻ በሚገበይባቸው መደብሮች፣ ቅጠል የተሳለበት የማጽጃ ጠርሙስ ከጎኑ ካለው በላይ ዋጋ ተለጥፎበት ይሸጣል። በአባባሉ ውስጥ እውነት አለ። የጎደለው ነገር ቢኖር የራሳችንን ታሪክ ጠጋ ብሎ ማየት ነው። በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን ለብዙ ዘመን ልብስ ያጸዳው እንዶድ ምንም የማይጎዳ ለስላሳ ነገር አልነበረም። መርዝ ነበር፤ የሚጠቀሙበትም ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። ከእነሱ ልንወርሰው የሚገባው መርዙን በቦታው የማቆየት ዘዴ ይመስለኛል።

እንዶድ አጥርና ዛፍ ላይ የሚንጠላጠል ቁጥቋጦ ነው። ትግርኛ ተናጋሪው ሽብቲ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ሀንዶዴ ይለዋል። ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ብቻ ናት፤ ፍሬው የሚለቀመውም ሳይበስል፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። ከዚያ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቅና በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ዱቄቱ በውሃ ሲበጠበጥ ነጭ አረፋ ይደፍቃል። ጋቢውና ነጠላው በዚህ አረፋ ተነክሮ ወንዝ ዳር በተዘጋጀ ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ላይ በእግር እየተረገጠ ይታጠባል። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ቅባትን ከጨርቅ ላይ የሚያላቅቀው ይኸው ነው። ነገር ግን ሳፖኒን የሕያው ሴልንም ሽፋን ይቀድዳል፤ ዓሣን ይገድላል፣ ቀይ የደም ሴልን ያፈርሳል። የሚገርመው ደግሞ መወቀጡና መበጥበጡ ራሱ ኃይሉን ይጨምርለታል፤ ፍሬው ተሰብሮ ውሃ ሲነካው በውስጡ ያለው ኢንዛይም ተነስቶ ንጥረ ነገሩን ወደ ብርቱው ዓይነት ይለውጠዋል። ሕዝቡ ኢንዛይም ሳያውቅ ውጤቱን ያውቅ ነበር። በእንዶድ ከብቶች ላይ የተጣበቀ አልቅት ይራገፋል፣ ለሆድ ትል ይወሰዳል፣ ጽንስ ለማስወረድም ይጠጣ ነበር፤ በዚህ የተነሳ ሕይወታቸውን ያጡ ሴቶች አሉ። ይህን ሁሉ ያየ ማኅበረሰብ እንዶድን «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» ሊለው አይችልም።

ስለዚህ እያንዳንዱ እድፍ የየራሱ ማጽጃ ነበረው። ጋንና እንስራ በግራዋ ቅጠል ይታሻል፤ ጥላሸት የያዘ ድስት በአመድና በአሸዋ ይፈተጋል፤ የወተት ዕቃ በወይራ ጢስ ይታጠናል፤ እንዶድ የልብስ ነው። ሰው የሚበላበትና የሚጠጣበት ዕቃ አንድ ወገን፣ ገላን ከላይ የሚሸፍነው ጨርቅ ሌላ ወገን ሆኖ ሲለይ፣ መርዙን ከዕቃ ወደ አፍ የሚወስደው መንገድ ይዘጋል። ይህ በመጽሐፍ የተጻፈ ደንብ አልነበረም፤ እናት ለልጇ እያሳየች ያስተላለፈችው የሥራ ክፍፍል ነው። አሁን ባለንበት ዘመን አንድ ጠርሙስ በረኪና ለመጸዳጃ ቤቱም፣ ለወለሉም፣ ለልብሱም፣ ለስኒውም ሲውል ይታያል። ከቀድሞው አሠራር የራቅነው፣ በእኔ አስተያየት፣ ከፋብሪካ በመግዛታችን ሳይሆን ይህን ልዩነት በመተዋችን ነው።

የእንዶድ መርዝነት በሳይንስ ዓይን የታየው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያን ለማጥናት አድዋ ነበሩ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ በኩል ነው። አክሊሉ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ላይ ከሌላው ስፍራ የበዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ቀላል ነበር፤ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ይዘው ከአጣቢዎቹ አንዷን አረፋውን እንድትጨምርበት ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ከዚህ የተነሳው ምርምር ከ1969 እስከ 1974 አድዋ ላይ በተደረገ ዘመቻ ተፈተነ፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት በሆናቸው ልጆች ላይ ቢልሃርዝያ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። አክሊሉና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋም የሚጠራው በአክሊሉ ለማ ስም ነው። አረፋውን የጨመረችው ሴት ስም ግን ሲጠቀስ አይሰማም።

1964 በሌላ ምክንያትም ትኩረት ይገባዋል። አውሮፓና አሜሪካ ያኔ በራሳቸው አረፋ ተቸግረው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤቱን የሞላው የልብስ ዱቄት ከነዳጅ ዘይት በተሠራ አረፋ ሰጪ ላይ የቆመ ሲሆን፣ የሞለኪውሉ ሰንሰለት ቅርንጫፍ የበዛበት በመሆኑ የውሃ ባክቴሪያዎች ሊሰባብሩት አልቻሉም። ወንዞች ላይ የአረፋ ክምር ተቆለለ፤ አንዳንድ ቦታ ከቧንቧ የሚቀዳው ውሃ ሳይቀር አረፋ ይዞ ይወርድ ነበር። ምዕራብ ጀርመን በ1961 ሕግ አወጣች፤ ግዴታው ሥራ ላይ የዋለው በዚያው በ1964 ነው። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ አምራቾች በባክቴሪያ ወደሚሰባበረው፣ ሰንሰለቱ ቀጥ ወዳለው ዓይነት ተሸጋገሩ። እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። የአድዋው አረፋ ቀንድ አውጣ የሚገድል ብርቱ መርዝ ሆኖ ሳለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኃይሉ ያልቃል። የፋብሪካው አረፋ ለእጅ ለስላሳ ሆኖ ሳለ ወንዙን አለቅም አለ። መርዝ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ብቻውን የትኛው እንደሚሻል አይነግረንም። ማን ይነካዋል፣ ውሃው የት ይሄዳል፣ እስከ መቼ ይቆያል ብሎ የጠየቀ ግን መልስ ያገኛል።

እንዲህ ስንል የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ትክክለኛም ተቃውሞ ነው። የድሮውን አጠባ ማሞገስ የሴቶችን ድካም መርሳት ነው ይባላል። መልቀም፣ ማድረቅ፣ መውቀጥ፣ ወንዝ መውረድ፣ እርጥብ ጋቢ ተሸክሞ ሽቅብ መውጣት የቀን ሥራ ነበር። ከዚህም በላይ ቢልሃርዝያ የሚይዘው በቆዳ በኩል ነውና፣ ውሃ ውስጥ ቆማ የምታጥብ ሴት ለበሽታው በጣም የተጋለጠች ናት። የእንዶዱ አረፋ ከሷ በታች ያለውን ቀንድ አውጣ ቢገድልም ከላይ የሚመጣውን አያስቀርላትም። ስለዚህ ሳሙና ገበያ ላይ በወጣ ጊዜ ሰው እንዶድን የተወው በፈረንጅ ነገር ተታሎ ነው ማለት አይቻልም። ሳሙና ሙቀጫ አያሻውም፤ ኦሞ ደግሞ በትንሽ ብር በትንሽ ላስቲክ ይገኛል። ማንም ሰው ዛሬ ጋቢውን በእንዶድ እንዲያጥብ አልመክርም። የአመዱም ነገር እንዲሁ ነው፤ እጅ ይልጣል፤ የወይራው ጢስም ሳንባን አይምርም።

ሌላው ጥያቄ እንዶድ ይህን ያህል ጠቃሚ ከሆነ ለምን በዓለም አልተስፋፋም የሚለው ነው። ቀንድ አውጣን ለማጥፋት የዓለም ጤና ድርጅት ይመክር የነበረው ኒክሎሳማይድ የተባለውን፣ ከውጭ በውድ የሚገዛ ኬሚካል ነበር፤ ዛሬም ዋናው እሱ ነው። ለእንዶድ ግን ደረጃውን የጠበቀ የመርዛማነት ምርመራ እስኪደረግ ድረስ ዓመታት ነጎዱ፤ ምርመራው የተሟላው በካናዳ ድጋፍ ነው። ድሃ አገር ያቀረበችው ተክል በዚህ ዓይነት መጓተቱ አክሊሉን እጅግ አስቆጥቷቸው ነበር፤ ቁጣቸው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ምርመራው ራሱ አላስፈላጊ አልነበረም። እንዶድ ዓይንን ክፉኛ እንደሚጎዳና ዓሣን እንደማይምር በግልጽ የተመዘገበው በምርመራ ነው። «አባቶቻችን ተጠቅመውበታል» የሚለው ማስረጃ የቅርቡን ጉዳት ያሳያል፤ ቀስ ብሎ የሚመጣውን አያሳይም። ይኸው መለኪያ ቅጠል ለተሳለበት ጠርሙስም ይሠራል። ሎሚ፣ ጽጌረዳ ወይም ባሕር ዛፍ የሚሸት ማጽጃ ሽታው ብቻ ከተጻፈበትና የተሠራበት ነገር ካልተዘረዘረ፣ የሸማቹን ብር ከመውሰድ በቀር ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።

በረኪናንም በዚሁ ሚዛን ማየት ይገባናል። በረኪና በውሃ የቀጠነ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። ሥራውን ሲጨርስ አብዛኛው ወደ ተራ ጨው ይለወጣል፤ ከዚህ አንፃር ወንዝ ላይ ከተቆለለው ከዚያ አረፋ ይሻላል። ኮሌራ በገባበት ሰፈር፣ የታመመ ሰው በተኛበት ቤት፣ ሎሚና አቼቶ አይተኩትም፤ እዚያ በረኪናን «መርዝ ነው» ብሎ መተው ሰው ያስገድላል። ጤነኛ ቤተሰብ በየቀኑ ለሚወለውለው ወለል ግን ሳሙናና ውሃ ይበቃል፤ ለምጣድና ለድስት እንደ ድሮው መፈተግ ይበቃል። በረኪናን ለሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ ማስቀመጥ አያቶቻችን በማጽጃነት እንዶድን ለልብስ ብቻ እንዳስቀመጡት ያለ አሠራር ነው።

እናም አንባቢ ሆይ፣ ማጽጃ ለመቀየር ካሰቡ ከጠርሙሱ በፊት ልማዱን ይቀይሩ። በረኪናን ከአሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል። ከሰፈር ሱቅ በሃይላንድ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ የተሞላ በረኪና አይግዙ፣ ቤትም ውስጥ በእንዲህ ዓይነት ጠርሙስ አያስቀምጡ፤ ልጅ ውሃ መስሎት ያነሳዋል።