ማረሻና ጠመንጃ በአንድ ምድጃ፦ የቀጥቃጭ አባቶቻችን ታሪክ

ዛሬ የምናነሳው ብዙዎቻችን የምናውቀውን፣ ግን ለልጆቻችን ስንነግር አንገታችንን ደፋ የምናደርግበትን ነገር ነው። የብረት ሥራን ማለታችን ነው። በተለይም አባቶቻችንና አያቶቻችን በየደጃቸው ጠመንጃ ይጠግኑ የነበረበትን ዘመን። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ለምን አሁን አነሳችሁት ትሉ ይሆናል። ልጆቻችን በስልካቸው ብዙ ነገር ያያሉ። በአሜሪካ ሰው በገዛ ጋራዡ ለራሱ የሚሆን ጠመንጃ ቢሠራ በፌደራል ሕግ አይከለከልም፤ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ግን ገድበውታል። እንደ መዝናኛ የያዙት ሰዎች አሉ፤ እየቀረጹም ያሳያሉ። ይህን ያየ ልጅ ዞር ብሎ «ሳባስ ጠመንጃ ይሠራ ነበር እንዴ?» ቢለን ምን እንመልስለታለን? ዝም ካልን ሌላ ሰው ይመልስለታል። ስለዚህ እኛው በቅደም ተከተል እንንገረው።

ከከተማችን ስም እንጀምር። ጋት ከአምስቱ የፍልስጥኤማውያን ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ጎልያድም የጋት ሰው ነበር። ቅርያት ጋት በ1950ዎቹ ስትቆረቆር ጥንታዊቷ ጋት እዚሁ አጠገባችን ባለው ቴል ኤራኒ በሚባለው ጉብታ ላይ ነበረች ተብሎ ስለታሰበ ይህ ስም ወጣላት። ኋላ ግን አርኪዮሎጂስቶች ጋት ቴል ጻፊት ላይ እንደነበረች ተስማሙ፤ እሱም ቢሆን ከእኛ ብዙ አይርቅም። በቀዳማዊ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 ላይ የተጻፈውን አስታውሱ። ፍልስጥኤማውያን እስራኤል ሰይፍና ጦር እንዳያበጁ ብለው ቀጥቃጭ አሳጧቸው። እስራኤላዊው ማረሻውን፣ ዶማውንና መጥረቢያውን ለማሳል እንኳ ወደ ጠላቱ ይወርድ ነበር፤ ዋጋም ይከፍል ነበር። የጦርነቱ ቀን ሲደርስ ከሳኦልና ከዮናታን በቀር ሰይፍም ጦርም የያዘ አልተገኘም።

እንግዲህ ይህን ገልብጣችሁ እዩት። በኢትዮጵያ ቀጥቃጮቹ እኛ ነበርን። ባለ ርስቱ፣ ባላባቱ፣ ወታደሩ ማረሻውንም ጦሩንም ይዞ የሚመጣው ወደ እኛ ነበር። መሬቱ በእሱ እጅ፣ እሳቱ በእኛ እጅ።

እንዴት እንዲህ ሆነ? ከአባቶች የሰማነው ከአፄ ይስሐቅ ዘመን ይጀምራል፤ ይስሐቅ ከ1414 እስከ 1429 ገደማ የነገሠ ነው። ያልተጠመቀ ርስት አይወርስም ተባለ ይባላል። ታሪኩን ያጠኑ ምሁራን ደግሞ መሬቱ በአንድ ቀን እንዳልሄደ፣ በየጦርነቱ እየተሸራረፈ እንደሄደ ያስረዳሉ። በአፄ ሠርፀ ድንግልና በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በሰሜን ተራሮች የተደረገው ጦርነት የመጨረሻው ነበር፤ በ1620ዎቹ ነጻነታችን አበቃ። ርስት የሌለው ሰው ሁለት ምርጫ ነበረው፦ የሰው መሬት በእኩል ማረስ፣ ወይም በእጁ ሥራ ማደር። አባቶቻችን ሁለቱንም አደረጉ። ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸማ ሠራ፣ ግንብ ገነባ፤ ሴቷ ሸክላ ሠራች።

ጠመንጃ በብዛት ወደ አገሪቱ የገባው በዚያው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም (ግራኝ) ከ1529 ጀምሮ ሲዘምት ነፍጥ የያዙ ወታደሮች ነበሩት። በ1541 ደግሞ 400 የፖርቱጋል ነፍጠኞች በክርስቶፎር ዳ ጋማ መሪነት ለንጉሡ እርዳታ ገቡ። በ1543 ኢማሙ ወይና ደጋ ላይ በጥይት ተመትቶ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ነፍጥ የሌለው ጌታ ጌታ አልመስል አለ። ነገር ግን ነፍጥ ይሰበራል፤ ዕቃው ደግሞ ከባሕር ማዶ ነው። ምፅዋ ድረስ ወርዶ መለዋወጫ የሚያመጣ ማን አለ? ያለው በቅርብ የሚገኘው ቀጥቃጭ ብቻ ነው። የአባቶቻችን እጅ ወደ ጠመንጃ የዞረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከመውደድ ሳይሆን ከችግር የመጣ ነው።

አፄ ፋሲል በ1630ዎቹ ጎንደርን ከተማ ካደረገ በኋላ የእጅ ሠራተኞቻችን በግንቡም በቤተ ክርስቲያኑም ሥራ ተፈላጊ ሆኑ። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ቤተ እስራኤል ሕዝብና ታሪክ ጽፎ ሄዷል። ንጉሥ ሲጠነክር ሥራ ይበዛል፤ ንጉሥ ሲደክም ደግሞ በዘመነ መሳፍንት እንደሆነው ሥራውም ክብሩም ይቀንሳል።

ቀጥሎ አፄ ቴዎድሮስ መጣ። በ1855 ነገሠና መድፍ በአገሬ ይሠራልኝ አለ። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን አሰባሰበ፤ ከእነሱ አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ነበር። መድፍ በማቅለጥ ከታወቁት አንዱ ሞሪትስ ሆል ደግሞ ከፖላንድ የመጣ፣ በትውልዱ አይሁዳዊ ሆኖ ክርስትናን የተቀበለ ሰው ነው፤ በኋላ ያፎ መጥቶ ኖሯል። ንጉሡ ያገሩ ሰዎች ከነጮቹ ሥራ እንዲማሩ አዘዘ። ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። ገደሉን እየናዱ፣ መንገድ እየጠረጉ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ወጣ። ሚያዝያ 13 ቀን 1868 ቴዎድሮስ እንግሊዞች ደጁን ሲሰብሩ በገዛ ሽጉጡ ሞተ፤ መድፉም ዛሬ ድረስ እዚያው መቅደላ ላይ አለ። ንጉሥ እንኳ ሳይቀር የቀጥቃጭ እጅ እንደሚያስፈልገው ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ከቴዎድሮስ በኋላ ከኋላ የሚጎርሱ አዳዲስ ጠመንጃዎች እንደ ጎርፍ ገቡ። ሽማግሌዎቻችን ስማቸውን ዛሬም ይቆጥሩታል፦ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ለበን፣ አልቢን፣ ቤልጅግ። ውጅግራ የፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ነው፣ በእኛ አፍ ተጣሞ ነው እንዲህ የሆነው። ለበንም ያው የፈረንሳይ ነው፤ ቤልጅግ ከቤልጅግ አገር የመጣ ነው። በ1896 በአድዋ የተተኮሱት አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ነበሩ። ጣሊያን በ1935 ተመልሶ ሲመጣም አርበኛው ጫካ የገባው የአባቱን አሮጌ ጠመንጃ ይዞ ነው፤ ጎንደር ነጻ የወጣችው በኅዳር 1941 ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን አዲስ ዕቃ የሚገዛበት ሱቅ በየመንደሩ አልነበረም።

የሥራ ቦታውን የምታስታውሱት ታስታውሱታላችሁ። ጎጆ ወይም ዳስ፣ መሬት ላይ ትንሽ ምድጃ፣ ከፍየል ቆዳ የተሠራ ወናፍ፣ መስፍ፣ መዶሻ፣ ጉጠት፣ ሞረድ። ከሰሉን ራሳቸው ያከስሉታል። ወናፉን ልጅ ይነፋል፣ አባት ይቀጠቅጣል። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው የሚባለው ለእኛ ተረት አልነበረም፤ የዕለት ሥራችን ነበር። አብዛኛው ሥራ ማረሻ፣ ማጭድ፣ ዶማ፣ ምሳርና ቢላዋ ነው። ጠመንጃ ከመጣ የሰለለች ሞላ ትቃናለች፣ የተሰነጠቀ ሰደፍ በጠፍር ወይም በቆርቆሮ ይጠፈራል፣ የጠፋች ትንሽ ብረት በሞረድ ተፍቃ ትተካለች። መሣሪያ ሁሉ በዓይን ልክ ነው፤ መለኪያ የለም። ዋጋውም ብዙውን ጊዜ በአዝመራ ጊዜ የሚሰፈር እህል ነበር።

ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን እሳቱ ይጠፋል። ጌታው በር ላይ ቆሞ ቢለምንም፣ ቢቆጣም፣ ለሰንበት እሳት አይነድም። ይህን ለልጆቻችን ስንነግር ድምፃችንን ከፍ እናድርግ። ርስት የሌለው፣ የሰው ጥገኛ የሆነ ሰው ለባለ ጠመንጃው «ዛሬ አልሠራም» ማለቱ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደሚያመው እንምጣ። ያው ጌታ ቀን ጠመንጃውን በእጃችን አስጠግኖ ማታ «ቡዳ» ይለን ነበር። ቀጥቃጭ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ተባለ። ክርስቶስ የተቸነከረበትን ምስማር የሠሩት የእነሱ አባቶች ናቸው ተባለ። ሰው ሲታመም፣ ላም ስትነጥፍ ጣት የሚቀሰረው ወደ እኛ ነው። እሳትን መግዛት፣ ድንጋይ የመሰለውን ብረት እንደ ሊጥ ማለስለስ ለማያውቀው ሰው ያስፈራል፤ ፍርሃቱንም በስድብ ሸፈነው። አፄ ምኒልክ በ1908 የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጣ። አዋጁ ወጣ እንጂ በየገጠሩ ስድቡ አልቀረም። በ1975 የደርግ የመሬት አዋጅ መጥቶ ገበሬው መሬት ሲያገኝም ስሙ ተከትሎን ነበር።

ይህንን ስም ብዙዎቻችን እስከ እስራኤል ይዘነው መጣን። በዘመቻ ሙሴ በ1984፣ በዘመቻ ሰሎሞን በግንቦት 1991 ስንመጣ ወናፍና መስፍ ተሸክሞ የመጣ የለም። የሱዳንን በረሃ በእግሩ የሚያቋርጥ ሰው ብረት አይሸከምም። ዕቃው እዚያ ቀረ። የባሰው ግን ወሬውም አብሮ መቅረቱ ነው፤ አባቱ ቀጥቃጭ የነበረ ሰው ለልጁ «ገበሬ ነበርን» ብሎ ያልፋል። ገበሬም ነበርን፣ ልክ ነው። ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገርነው።

አሁን አንድ ነገር አስተያዩ። ከእኛ በባቡር ብዙም በማይርቀው ሬሆቮት ማኮን አያሎን የሚባል ሙዚየም አለ። ከ1945 እስከ 1948 የሃጋና ወጣቶች እዚያ ከመሬት በታች፣ ከላይ ልብስ ማጠቢያና ዳቦ ቤት አስመስለው፣ እንግሊዞች ሳያዩ ከ2 ሚሊዮን በላይ ጥይት ሠሩ። ከጉድጓድ ሲወጡ የነጣ ፊታቸው እንዳያስነቃባቸው በመብራት ቆዳቸውን ያጠቁሩ ነበር። ዛሬ ተማሪዎች በአውቶቡስ ይወሰዳሉ፣ ታሪካቸው በክብር ይነገራል። ይገባቸዋልም። ታዲያ የእኛ አባቶች ከችግር የተነሳ በሠሩት ሥራ ለምን እናፍራለን? የአንዱ ቤት መዶሻ ጀግንነት፣ የሌላው ቤት መዶሻ ቡዳነት ሊሆን አይችልም።

ይህን ስንል ግን ልጆቻችን እንዳይሳሳቱ። የአያቶቻችን ሥራ ጨዋታ አልነበረም። ፋብሪካ፣ ፈቃድ ሰጪ፣ ሱቅ በሌለበት አገር የሚደረግ የኑሮ ሥራ ነበር። በእስራኤል ግን ከ1949 ጀምሮ የመሣሪያ ሕግ አለ፤ ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መሥራትም ሆነ ለሰው መጠገን ወንጀል ነው፣ ቅጣቱም ረጅም እስራት ነው። በስልክ የታየ ነገር ቤት ውስጥ ልሞክር የሚል ልጅ ካለ፣ ሳባ በጎንደር ስላደረገው ብሎ ዳኛ አይምረውም። ይህንን በግልጽ መናገር የወላጅ ድርሻ ነው። ከታሪኩ ጋር አያይዞ የሚነግረው ሽማግሌ ካለ ደግሞ ልጁ ይሰማል፤ በደረቁ «አትንካ» ከማለት ይሻላል።

ለብረት የሚሆን እጅ ያለው ልጅ ግን አለ፤ ያንን አናፍነው። እዚህ ቅርያት ጋት የኢንቴል ፋብሪካ አለን፤ ከፀጉር በጣም የቀጠነ ነገር የሚሠራበት ቦታ ነው። ብየዳ፣ የማሽን ሥራ፣ መካኒክነት የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ልጁ ወደዚያ ሲሄድ «በአያትህ መንገድ ነው የሄድከው» ብንለው፣ ስድብ የነበረው ነገር ምርቃት ይሆናል።

ስለዚህ ወላጆቻችን፣ የምንለምናችሁ ቀላል ነገር ነው። በመጪው ሰንበት ከቡና በኋላ ልጆቹን ሰብስቧቸው። ወናፍ ምን እንደሆነ፣ መስፍ ምን እንደሆነ፣ ጉጠትና ሞረድ እንዴት እንደሚያዝ በእጃችሁ አሳዩአቸው። የመንደራችሁን ስምና እዚያ ማን ይቀጠቅጥ እንደነበር ንገሯቸው። ወጣቶች፣ ስልካችሁን አውጡና የሽማግሌዎቹን ድምፅ ቅረጹ። ወናፍ ነፍተው ያደጉ ሰዎች ዛሬ በመካከላችን ጥቂት ናቸው፤ በየዓመቱም እየቀነሱ ነው።

ዕድሜና ጤና ለሽማግሌዎቻችን ይስጥልን። ሻባት ሻሎም።