ጥሎ ማለፍ፤ ስለ ኢትዮጵያ የእግር ኳስ ዋንጫ አጀማመር

መሳለሚያ የሚለው ስም ትርጕሙ በራሱ ላይ ተጽፏል፤ መንገደኛ ጥቂት ቆም ብሎ ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያን መልሶ የሚሳለምበት ስፍራ ማለት ነው። ዛሬ በዚህ ስፍራ የሚቆም ሰው ከእህል በረንዳ በኩል የሚመጣውን የተሸካሚ ጩኸትና የመኪና ድምፅ ይሰማል፤ ጥቂት ባዶ መሬት በተገኘበት ሁሉ ደግሞ ልጆች ሁለት ድንጋይ እንደ በር አቁመው ኳስ ሲመቱ ያያል። የነዚህ ልጆች አያቶች በጨርቅ ኳስ ይጫወቱ ነበር። ጨዋታው ከየት እንደ መጣ፥ ዋንጫውስ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ተላለፈ ለማወቅ የሚሻ ሁሉ፥ ታሪኩ ከዚህ ገበያ ታሪክ ጋራ የተጠላለፈ መሆኑን ያስተውል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በአውሮፓ አቆጣጠር ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ ዓመተ ምሕረት ናቸው።)

በአገራችን ልማድ ዋንጫ ማለት ከቀንድ ተሠርቶ ጠጅ ወይም ጠላ የሚጠጣበት ዕቃ ነበረ። የእግር ኳሱ ዋንጫ ግን አይጠጣበትም፤ ለአንድ ዓመት ያህል ባሸናፊው ቤት ይቀመጥና በዓመቱ ተመልሶ ለውድድር ይቀርባል። በዚህ ነገር ከማኅበር ጽዋ ጋራ ይመሳሰላል፤ ጽዋውም ከአንዱ ማኅበርተኛ ወደ ሌላው ይዞራል እንጂ የማንም የግል ሀብት አይሆንም። ልዩነቱ የማኅበሩ ጽዋ በተራ ሲደርስ የኳሱ ዋንጫ በትግል መገኘቱ ነው። ትግሉም በአማርኛ ጥሎ ማለፍ ተባለ። ተፎካካሪውን የጣለ ያልፋል፤ የወደቀ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሁለተኛ ዕድል የለውም።

ይህ ሥርዐት የተጀመረው በእንግሊዝ አገር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1871 ዓመት ነው። የመጀመሪያው የፍጻሜ ጨዋታ በ1872 በመጋቢት ወር በሎንዶን ከተማ ሲደረግ፥ ዋንደረርስ የተባለው ቡድን የንጉሣዊውን መሐንዲስ ጦር ቡድን 1 ለ0 አሸነፈ። በዚያን ጊዜ ለመጫወት ደመወዝ የሚቀበል አልነበረም፤ ተጫዋቾቹ የትልልቅ ትምህርት ቤት ልጆችና መኰንኖች ነበሩ። በ1883 ግን ብላክበርን ኦሊምፒክ የሚባል፥ ከፋብሪካ ሠራተኞች የወጣ ቡድን የመሳፍንት ልጆች የተማሩበትን የኢተን ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ቡድን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለተጫዋች ገንዘብ መክፈል ስለ ተፈቀደ፥ በነጻ የሚጫወቱት ከደመወዝተኞቹ ጋራ መወዳደር አቃታቸው። ስለዚህ በ1893 ለአማተሮች ብቻ የሆነ ሌላ ዋንጫ ተቋቋመላቸው። ይህም ዋንጫ እስከ 1974 ድረስ ቆየ፤ ቢሾፕ ኦክላንድ የሚባል ቡድን ብቻውን 10 ጊዜ በልቶታል። በ1951 ይኸው ቡድን ከፔጋሰስ ጋራ ሲጋጠም 100,000 የሚያህል ሕዝብ ተመለከተ፤ ቢሾፕ ኦክላንድም 2 ለ1 ተሸነፈ። አንድም ብር ሳይቀበሉ የሚጫወቱ ሰዎች ይህን ያህል ሕዝብ መሰብሰባቸው የሚያስደንቅ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ ቢባል፥ ነገሩ የሚጀምረው ከአራዳ ነው። በታኅሣሥ ወር 1928 አየለ አትናሽና የግሪክ ትውልድ ያለው ጆርጅ ዱካስ ከጓደኞቻቸው ጋራ አንድ የእግር ኳስ ቡድን አቋቋሙ። ስሙንም ገበያው በአጠገቡ ይቆምበት ከነበረው ከአራዳው ቤተ ክርስቲያን ወስደው ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። ጦርነቱ ተጀምሮ ሰው ሁሉ ወደ ዘመቻ በሚመለከትበት ሰዓት ወጣቶች ቡድን ማቋቋማቸው ለአንዳንዱ ቀልድ ሊመስለው ይችላል፤ ቡድኑ ግን ከወራሪው ዕድሜ ይልቅ ረዥም ዕድሜ አገኘ።

ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ሁለት ነገር አደረገ። ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ መርካቶ የሚለው የኢጣልያ ቃልም በዚሁ ምክንያት ለሰፈሩ ስም ሆኖ ቀረ። ሁለተኛም ነጭና ጥቍር በአንድ ሜዳ እንዳይጫወቱ ለየ፤ የአገሩን ልጆች ለብቻቸው እንዲወዳደሩ አድርጎ የቅዱስ ጊዮርጊስን ስም ፍቆ ቡድኑን ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር አሰኘው። ሊቶሪዮ የፋሽስት ምልክት ስም ነው። ገበያ ቢዛወር ነጋዴ ተከትሎ ይሄዳል፤ ስም ሲነጠቅ ግን ሰው ስሙን በልቡ ይዞ ቀኑን ይጠብቃል። በ1933 ነጻነት በተመለሰ ጊዜ ቡድኑ ወዲያው በቀድሞ ስሙ ተጠራ።

በነጻነት ማግሥት አዲስ አበባ ልዩ ልዩ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ነበረች። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1943 የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ተቋቋመ፤ በ1936 ዓመተ ምሕረትም አምስት ቡድኖች ለመጀመሪያ ጊዜ በሥርዐት ተወዳደሩ። ኢትዮጵያውያን በቅዱስ ጊዮርጊስ፥ አርመኖች በአራራት፥ ግሪኮች በኦሊምፒያኮስ፥ ኢጣልያኖች በፎርቲቱዶ ተሰለፉ፤ አምስተኛው ሠራዊታችንን ሊያሠለጥን የመጣው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበረ። ትናንት ከነጭ ጋራ በአንድ ሜዳ መቆም የተከለከለው የአራዳ ልጅ ዛሬ ከፎርቲቱዶ ፊት ለፊት፥ በአንድ ዳኛ ፊሽካ፥ በአንድ ሕግ ቆመ። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፥ በሜዳው ዙሪያ የቆመው ሕዝብ ይህን ነገር ሳያስተውል አልቀረም።

ያን ዓመት እንግሊዞች አሸነፉ። በሚከተለው ዓመት በ1937 በጥሎ ማለፍ የሚደረገው የኢትዮጵያ ዋንጫ ሲጀመር የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው ይኸው የእንግሊዝ ሚሲዮን ነበረ። ጨዋታውን የፈጠሩት ስለሆኑ የሚያስገርም አይደለም። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ የውጭ አገር ሰዎች ቡድኖች ከሜዳው እየጠፉ ሄዱ፤ በቦታቸውም የኢትዮጵያ ሠራዊት ቡድን መቻል፥ የኤርትራ ቡድኖች፥ የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ፥ የቴሌና የሲሚንቶ ሠራተኞች ተተኩ።

የጥሎ ማለፍ ሒሳብ ቀላል ነው። በያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ቡድን ይወድቃል፤ ስለዚህ 16 ቡድን ቢመዘገብ በ15 ጨዋታ አሸናፊው ይታወቃል። ቍጥሩ እኩል እየተከፈለ የማይሄድ ሲሆን ግን ዕጣ ያስፈልጋል። ለምሳሌ 13 ቡድን ቢሆን ሦስቱ በዕጣ ያለ ጨዋታ ያልፋሉ፤ የቀሩት 10 ተጋጥመው አምስቱ ሲያልፉ ስምንት ይሞላል። ያለ ጨዋታ ማለፍ ሁልጊዜ በረከት አይደለም። በ1949 ኢትዮጵያ ከግብፅና ከሱዳን ጋራ የአፍሪካን እግር ኳስ ማኅበር መሥርታ በካርቱም ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በቀረበች ጊዜ የደረሳት ተጋጣሚ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። ደቡብ አፍሪካ ጥቍርና ነጭን ቀላቅላ አላሰልፍም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች፤ ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች። በፍጻሜው ግን ግብፅ 4 ለ0 አሸነፈቻት።

በእኩል የተለያዩ ቡድኖችን ለመለየትም ቀድሞ ጨዋታውን መድገም ወይም ሳንቲም መጣል ልማድ ነበረ። የመለያ ምት በዓለም ሕግ የገባው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ነው። ሳንቲሙ ከምቱ ይልቅ ልብን ያሳርፍ ነበር የሚሉ አሉ፤ በሳንቲም የተሸነፈ ሰው የሚወቅሰው ወንድም የለውምና።

የዚያ ዘመን ተጫዋቾች እንጀራቸው በሌላ ሥራ ላይ ነበረ። ወታደሩ ከጥበቃው፥ ሠራተኛው ከመኪናው፥ ተማሪው ከደብተሩ ተነሥቶ ወደ ሜዳ ይመጣል። በ1952 የአገሩን ሻምፒዮና የወሰደው የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ስሙ ራሱ ይህን ይመሰክራል። ለዚሁ ቡድን የተጫወተው የአሥመራው ተወላጅ ሉቻኖ ቫሳሎ በሙያው መካኒክ ነበረ። ፋብሪካው ወይም መሥሪያ ቤቱ ሥራ ይሰጣል፤ ተጫዋቹም በስሙ ይሰለፋል። በእንግሊዝ አገር ደመወዝተኛውንና በነጻ የሚጫወተውን የለየው አጥር በኢትዮጵያ በሕግ አልተተከለም፤ ለሁሉም አንድ ዋንጫ ብቻ ነበረ።

ከነዚህ ሁሉ ሰዎች መካከል አቶ ይድነቃቸው ተሰማን ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። በዘመን መለወጫ መስከረም 1 ቀን 1914 ተወለደ፤ አባቱ በቅኔውና በዘፈኑ የታወቀው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ከብላቴናነቱ ጀምሮ 23 ዓመት ተጫውቶ በ365 ጨዋታ 318 ግብ አገባ። ፌዴሬሽኑን ካቋቋሙት አንዱ ሆኖ በኋላም ከ1964 ጀምሮ የአፍሪካን እግር ኳስ መርቷል። የደቡብ አፍሪካን የዘር አድልዎ ከሜዳ ለማስወጣት ከሁሉ አብልጦ ደከመ፤ የሲጋራና የመጠጥ ማስታወቂያም ወደ ኳስ ሜዳ እንዳይገባ ተሟገተ። ያረፈው ነሐሴ 13 ቀን 1979፥ ልጆች ቡሄ በሚጨፍሩበት ዕለት ነው።

በጥሎ ማለፍ የተገኘው ትልቁ ዋንጫ በ1954 የመጣው ነው። ያን ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲደረግ አራት አገሮች ብቻ ስለ ነበሩ የተሸነፈ ወዲያው ከዋንጫው ተስፋ ይወጣል። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ2 ጣለች። ከዚያ በኋላ ጥምቀት ውሎ ታቦታቱ ከጃን ሜዳ ወደየመንበራቸው በተመለሱበት ሰሞን፥ እሑድ ጥር 13 ቀን፥ ከግብፅ ጋራ ለፍጻሜ ተሰለፈች። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ አቻ አደረገች። በተጨማሪው ሰዓት የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎና የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አከታትለው አግብተው ጨዋታው 4 ለ2 ተፈጸመ። ዋንጫውን ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው አምበሉ መካኒክ ሉቻኖ ነው። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ይህን ዋንጫ ዳግመኛ አላገኘችም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ብዙ ነው፤ መንግሥት ተለወጠ፥ ቡድኖችም ፈረሱ፥ ተጣመሩ፥ ስማቸውን ለወጡ፤ ተጫዋቾችም ቀስ በቀስ ደመወዝተኞች ሆኑ። የኢትዮጵያ ዋንጫ ግን አንዳንድ ዓመት እየተቋረጠም ቢሆን ቆይቷል፤ አሸናፊውም በአፍሪካ የዋንጫ አሸናፊዎች ውድድር፥ በኋላም በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ አገሩን የመወከል መብት አገኘ። ጥሎ ማለፍ ትንሹን በትልቁ ላይ እንደሚያነሣ ለማየት የወላይታ ድቻን ነገር መመልከት ይበቃል። ከሶዶ የመጣው ይህ ቡድን በ2009 የኢትዮጵያን ዋንጫ ወሰደ፤ በሚከተለው ዓመት ከካይሮው ገናና ቡድን ከዛማሌክ ጋራ ተጋጠመ። በአገሩ 2 ለ1 አሸነፈ፥ በካይሮ 2 ለ1 ተሸነፈ፥ በመለያ ምትም ጥሎ አለፈ።

በመሳለሚያና በመርካቶ ዙሪያ ደግሞ ክረምት ሲገባ፥ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፥ ወጣቶች ሰፈር ለሰፈር ጥሎ ማለፍ ይጫወታሉ። መዋጮው ከሱቅ ሱቅ ይሰበሰባል፤ ዋንጫውም ከዚያው ከገበያው ይገዛል። ዳኛው ብዙ ጊዜ በሁለቱም ወገን የሚከበር ሽማግሌ ወይም የቀድሞ ተጫዋች ነው። ጭቃው ከባድ ስለሆነ ኳሱ አይነጥርም፤ ዝናም ሲበረታም ጨዋታው ቆሞ ሁሉም በየሱቁ በረንዳ ሥር ይጠለላል፤ አባራም አላባራም ማምሻው ሳይደርስ አንዱ ሰፈር መውደቁ አይቀርም።