የሁሩሙ ልጅና የጀማሪዎች መጽሐፍ

ከመቱ ተነስታችሁ የበደሌን መንገድ ስትይዙ፣ ያዩ ከመድረሳችሁ በፊት ሁሩሙን ታገኛላችሁ። ቡናዋ በደን ጥላ ሥር የሚበቅል፣ ዝናቧ የማይሰስት አገር ናት። ዛሬ የምተርክላችሁ በዚያ አካባቢ ስለተወለደ ልጅ ነው። ስሙ ሂካ ይባል ነበር። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ በዚያው ልክ ስሙኝ።

ሂካ የተወለደው በ1856 ገደማ ነው። ገና በአራት ዓመቱ አባቱ ሞቱበት። ቆይቶ ደግሞ የባሰው መጣ፦ ባሪያ ፈንጋዮች ይዘው ሸጡት። አንዱ ለሌላው ሲሸጠው፣ ጌታ ሲለዋወጥበት፣ ስምንት ባለቤት አሳለፈ ይባላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከኢሉባቦር ደን እስከ ቀይ ባሕር ዳር፣ እስከ ምጽዋ ድረስ ተነዳ። እዚያ በ1870 ቨርነር ሙንሲንገር የተባለ የስዊስ ሰው ነፃ አወጣው። እዚያው ምጽዋ ለነበሩት የስዊድን ሚሲዮናውያንም አስረከበው። በ1872 ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ። ኦኔሲሞስ ነሲብ የምንለው እሱ ነው።

እስቲ ያንን ልጅ በዓይነ ኅሊናችሁ እዩት። ጢሙ ሊያቆጠቁጥ የደረሰ ልጅ ነው። የእናቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ የሚማረው ግን በሰው ቋንቋ ነው። ፊደሉንም ቃሉንም በአንድ ጊዜ መሸከም አለበት። የጀማሪ አንባቢ ትልቁ ጣጣ እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ ቆም ልበልበት።

የትኛውም ጽሕፈት ለአንባቢው የሚተወው ነገር አለ። እኛ «አለ» የሚለውን ስናነብ «እንዲህ አለ» ይሁን «እቤት አለ» የምንለየው ቋንቋውን ስለምናውቅ ነው፤ ፊደሉ ላልቶ ይነበብ ጠብቆ አይነግረንም። በዚሁ ፊደል በተጻፈ አፋን ኦሮሞም «በዳ» ላልቶ ሲነበብ መጥፎ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ደጋ ይሆናል። የሁሩሙ ልጅ ይህንን ማንም ሳያስተምረው ይለየዋል። ከሌላ አገር የመጣ ጀማሪ ግን ይደናገራል።

ከዚህ የጠነከረውን ማየት የፈለገ የፓኪስታኑን ቋንቋ ኡርዱን ይሞክር። መቱ ውስጥ ቁርአን ቤት ገብቶ አሊፍ፣ ባ፣ ታ ያለ ልጅ የፓኪስታን ጋዜጣ ቢሰጡት መጀመሪያ ዘመድ ያገኘ ይመስለዋል። ጽሕፈቱ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ፊደሎቹም በቃሉ መነሻ፣ መሐልና መጨረሻ ላይ መልካቸውን እንደሚለውጡ ያውቃል። ትንሽ እንደሄደ ግን ይቆማል። ቁርአኑ ላይ እያንዳንዱ አጭር አናባቢ ምልክት ተደርጎለታል፤ ጋዜጣው ላይ ምልክቱ የለም። አንባቢው ቃሉን አስቀድሞ ካላወቀ አናባቢውን ከየት ያመጣዋል? መስመሩም ቢሆን ናስታሊቅ በሚባለው አጣጣል እየተንሸራተተ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ዐረብኛ የሌሉት የኡርዱ ድምፆችም አሉ፤ ጸሐፍቱ ለነሱ በታ፣ በዳልና በራ አናት ላይ ትንሽ ምልክት ደፍተው አዲስ ፊደል አበጁ። በእኛም አገር ግዕዝ ለማያውቀው የአፋን ኦሮሞ ድምፅ ዸ የምትባለው ፊደል ተበጅታለች። ሰው ፊደሉን ከቋንቋው ጋር ለማስታረቅ ያልደከመበት አገር የለም።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። ኦኔሲሞስ ወደ ስዊድን ተልከው መምህርነት ተምረው በ1881 ተመለሱ፤ እንግዲህ ልጅነቱ አብቅቷልና አንቱ ልበላቸው። ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት በሱዳንም በኩል በሸዋም በኩል ሞከሩ፤ መንገዱ ተዘጋባቸው። ስለዚህ ምጽዋ አጠገብ ባለችው እምኩሉ ከሚሲዮናውያኑ ጋር ተቀምጠው በአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ማዘጋጀት ያዙ። ግን አንድ ነገር ጎደላቸው። ከአገራቸው የወጡት በልጅነት ነውና ቃሉ አልበቃቸው አለ።

ይህን የሞላችው አስቴር ጋኖ ናት። እሷም ከሊሙ እናርያ በባርነት ተወስዳ፣ በ1886 ከቀይ ባሕር ማዶ ልትሸጥ ስትል ጣሊያኖች አስጥለው እምኩሉ ያደረሷት ልጅ ነበረች። ያገሯን ቃል አልረሳችም። ቁጭ ብላ ከትዝታዋ እየቀዳች መዝገበ ቃላት አዘጋጀች። ተረቱን፣ እንቆቅልሹን፣ ምሳሌያዊ ንግግሩንና ዘፈኑን 500 ያህል አድርጋ ጻፈች። ባሪያ ፈንጋይ ከቤቷ ሲያወጣት ያልነጠቃትን ሁሉ ወረቀት ላይ አሰፈረችው። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የምደነቅበት ይህ ነው።

ከዚያ ክምችት ብዙው በ1894 የጀማሪዎች ማንበቢያ ሆኖ ታተመ። ጽሕፈቱ የግዕዝ ፊደል ነው፤ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ። ሁለቱ ያደረጉትን ልብ በሉልኝ፦ ለጀማሪው የሰጡት ጆሮው የሚያውቀውን ነው። እሳት ዳር የሰማውን ተረት ገጹ ላይ የሚያገኝ ልጅ የላላውንና የጠበቀውን ራሱ ያስተካክለዋል፤ የሚማረው ፊደሉን ብቻ ነው። ኦኔሲሞስ በልጅነታቸው ያጡትን ለሌላው ልጅ አበጁለት። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ሳንክት ክሪሾና ታተመ።

ኦኔሲሞስ በ1904 ወለጋ ገቡ። የአካባቢው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተቀበሏቸው፤ ነቀምቴ ላይም አስተማሩ። ክስ ቀረበባቸው፣ ከመስበክም ታገዱ፤ በ1916 ልጅ ኢያሱ ፈቀዱላቸው። በ1931 እዚያው ነቀምቴ አረፉ። አስቴርም አብራ ተመልሳ ልጆች ስታስተምር ኖረች።

ከዚያ ወዲህ በኢሉባቦር ብዙ ጀማሪ አልፏል። በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቆይቶ 15 ቋንቋዎችን አዳረሰ፤ አፋን ኦሮሞም በግዕዝ ፊደል ተሰጠ። በ1991 ደግሞ ቁቤ ተመረጠ፤ የላቲኑ ፊደል ረጅሙን አናባቢና የጠበቀውን ድምፅ ፊደሉን ደጋግሞ በመጻፍ ያሳያል። ዛሬ መቱ ላይ አንድ ልጅ ቁቤውን ከትምህርት ቤት፣ ሀ ሁን ከአማርኛ መምህሩ፣ አሊፍ ባን ከሼኹ ሊማር ይችላል።

እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ያ የ1894 ማንበቢያ በቁቤ ተገልብጦ፣ የኦኔሲሞስና የአስቴር ስም ከነታሪካቸው ፊቱ ላይ ተጽፎ፣ ለሁሩሙ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ይታደል። ተረቶቹ ያገራቸው ናቸው፤ ከአዘጋጆቹም አንዱ የሰፈራቸው ልጅ ነው።