ከቀያቸው ወጥተው ሰፈር የመሠረቱ

ዐይነ ስውሩ ሰሓባ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ.) በመዲና ሙአዚን ነበሩ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲጓዙም ከተማይቱን በአደራ የተረከቡበት ጊዜ አለ። የተለየ መንደር አልተከለለላቸውም።

በአገራችን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ታሪክ ግን ሌላ ነው። በ1920ዎቹ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ሆስፒታል በአዲስ አበባ ዳር ሲቋቋም ከየክፍለ ሀገሩ መጡ። ደዌው ጣትና እግራቸውን ያጎደለባቸው፣ ድነው እንኳ በቀያቸው የሚቀበላቸው አጡ። እዚያው ጎጆ ቀልሰው፣ ተጋብተው ወለዱ። በ1958 ዓ.ም. አለርት ሲመሠረት ዙሪያው ሰፈር ሆኖ ነበር።

ከዚያ ሰፈር ጁምዓ ጁምዓ ወደ አትክልት ተራ፣ ወደኛው መስጊድ ደጃፍ የሚመጡትን እናውቃቸዋለን። ሰደቃ ሰጥተናል፤ ገብታችሁ ስገዱ ያልናቸው ግን ስንቶቻችን ነን? እኔም ለዓመታት አላልኩም። አንድ ቀን አንዱ፣ «ሼኽ፣ የውዱእ ቦታው በየት በኩል ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ አፈርኩ።