ኖቪሲ

ኖቪሲ በምዕራብ አፍሪካዊቷ ቶጎ በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት ለድሆች የገንዘብ ድጎማ ያደረሰ የመንግሥት ፕሮግራም ነው። ስሙ በኤዌ ቋንቋ «አብሮነት» ማለት ነው። ፕሮግራሙ ተረጂዎችን ለመምረጥ ሰው ሰራሽ አስተውሎትን ስለተጠቀመ፣ በታዳጊ አገሮች መንግሥታት ቴክኖሎጂውን በሥነ ምግባር ስለሚመሩበት መንገድ ሲወራ በምሳሌነት ይጠቀሳል።

አጀማመር

ፕሮግራሙ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2020 ነው። በመጀመሪያ የታሰበው በእንቅስቃሴ ገደብ ምክንያት ገቢያቸው ለተቋረጠባቸው የሎሜና አካባቢዋ ነዋሪዎች ነበር። አመልካቹ በእጅ ስልኩ አጭር ቁጥር ደውሎ በመራጭነት ካርዱ ይመዘገባል፤ ብቁ ከሆነ ገንዘቡ በስልኩ ይላክለታል። ለሴቶች በወር 12,250፣ ለወንዶች 10,500 ሴፋ ፍራንክ ይከፈል ነበር።

የአመራረጥ ዘዴ

ፕሮግራሙ ወደ ገጠር ሲስፋፋ አገሪቱ የተሟላ የድሆች መዝገብ አልነበራትም። ስለዚህ ምርጫው በሁለት ደረጃ ተካሄደ፦

1. ከሳተላይት ምስሎች በተሠራ የድህነት ካርታ 100 ድሃ ካንቶኖች (የአስተዳደር ቀበሌዎች) ተለዩ።
2. በእነዚህ ካንቶኖች ከተመዘገቡት መካከል የቀን ፍጆታቸው ከ1.25 ዶላር በታች የሚሆነውን የኮምፒውተር ሞዴል ከስልክ አጠቃቀማቸው በመነሳት ገመተ።

ለገጠሩ ክፍያ ጊቭዳይሬክትሊ የተባለው የእርዳታ ድርጅት ተባባሪ ነበር።

የስሕተት መጠን

እ.ኤ.አ. በ2022 «ኔቸር» በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ ዘዴው በአካባቢ ብቻ ከመምረጥ ጋር ሲነጻጸር ድሆችን ያለአግባብ የማስቀረት ስሕተትን ከ4 እስከ 21 በመቶ ቀንሷል። የተሟላ ማኅበራዊ መዝገብ ቢኖር ኖሮ ከሚገኘው ውጤት ጋር ሲነጻጸር ግን ስሕተቱ ከ9 እስከ 35 በመቶ ይበልጣል። ከዚህም በላይ ስልክ ወይም የመራጭነት ካርድ የሌለው ሰው፣ የቱንም ያህል ድሃ ቢሆን፣ ከመጀመሪያው ወደ ምርጫው አይገባም።

የአስተዳደር ጥያቄዎች

በእንዲህ ያለው አሠራር ስሕተቱ የሚያርፈው ብዙውን ጊዜ አቤት ለማለት አቅም በሌለው ሰው ላይ ነው። ውሳኔው ከስልክ አጠቃቀም የመነጨ ሲሆን፣ የተከለከለው ሰው ምክንያቱን በራሱ ሊደርስበት አይችልም። የግል መረጃ ጥበቃም ሌላው ጥያቄ ነው፤ ቶጎ በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ2019 ሕግ አውጥታለች። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 የጸደቀው የዩኔስኮ የሰው ሰራሽ አስተውሎት ሥነ ምግባር ምክረ ሐሳብ ሰዎች ስለሚነካቸው ውሳኔ ማብራሪያ የማግኘት ዕድል እንዲኖራቸው፣ የመጨረሻው ኃላፊነትም ከማሽን ይልቅ በሰው ላይ እንዲሆን ይጠይቃል።