የፋይል መቅጃ ፕሮግራሞች ፍጥነት
የፋይል መቅጃ ፕሮግራሞች ፍጥነት በኮምፒውተር ላይ ፋይሎችን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚገለብጡ ፕሮግራሞች የሚነጻጸሩበት መለኪያ ነው። ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ በተላለፈ ሜጋባይት ይገለጻል።

ከታወቁት መካከል የዩኒክሱ ሲፒ፣ የዊንዶውሱ ሮቦኮፒ፣ እንዲሁም በአንድሩ ትሪጅልና በፖል ማኬራስ ተሠርቶ በ1996 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው አርሲንክ ይገኛሉ። ሮቦኮፒ ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ሲታዘዝ እስከ 128 በሚደርሱ የሥራ መስመሮች ብዙ ፋይሎችን ጎን ለጎን ይቀዳል። አርሲንክ በኔትወርክ ሲሠራ ከፋይሉ የተለወጠውን ክፍል ብቻ መላክ ይችላል፤ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ግን ካልታዘዘ በቀር ሙሉውን ፋይል ስለሚገለብጥ ለመጀመሪያ ቅጂ ከሲፒ የተለየ ብልጫ የለውም።

አንድ ትልቅ ፋይል ሲቀዳ ፍጥነቱን በአብዛኛው የሚወስነው ዲስኩ ወይም ማገናኛው ነው፤ የዩኤስቢ 2.0 ጣሪያ በሴኮንድ 480 ሜጋቢት ነው። ፋይሎቹ ትናንሽና ብዙ ሲሆኑ ግን እያንዳንዱን መክፈትና መዝጋት ጊዜ ይወስዳል።

ሁለት ፕሮግራሞችን በተራ ለማነጻጸር ተመሳሳይ ፋይል በድጋሚ ሲቀዳ ከዲስኩ ሳይሆን ከራም ሊነበብ ስለሚችል ሁለተኛው ፕሮግራም ያለአግባብ ፈጣን ይመስላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት በራም የተያዘው መረጃ መጽዳት፣ በመጨረሻም ቅጂው በዲስኩ ላይ መጻፉ መረጋገጥ አለበት።